በሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ የተሳልሁት ስለት

ሌላው ሰው ሊጉ እስኪጀመር ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው ዝግጅቱን ነው። ነሐሴ ገብቶ፣ ጣና ሞልቶ ደንገሉን እስከ ወገቡ ሲውጠው፣ ቡድናችን ከዕረፍት ተመልሶ ሐይቁ አጠገብ ባለው የልምምድ ሜዳ መሮጥ ይጀምራል። ኳስ የማይወድ ሰው፣ "ምኑ ይታያል? ጎል የለ፣ ዳኛ የለ፣ ሰው ሲሮጥ ለማየት ነው ዝናብ የሚመታሽ?" ይለኛል። አዎ፣ ሰው ሲሮጥ ለማየት ነው። በእግሬ እሄዳለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ፤ ዝናቡም የሚመታው እኔን ነው።

ምክንያቱን ለማያውቅ ልንገር። ቡድናችን የባሕር ዳር ይባላል እንጂ ባሕር ዳር ላይ ከተጫወተ ቆይቷል። አንዴ ሜዳው መስፈርት አያሟላም ይባላል፣ አንዴ መንገዱ አያስተማምንም ይባላል፣ ብቻ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይባላል፤ ውድድሩም ሌላ ከተማ ላይ ተሰብስቦ ይካሄዳል። በሜዳችን የምንጫወተው ተብሎ የተጻፈውን ጨዋታ እንኳ የምንሰማው በሬዲዮ ነው። ልጆቹን በሥጋ የምናያቸው በነሐሴና በመስከረም ብቻ ነው። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው በመራዊ መንገድ ይሄዳሉ፤ እስከ ሰኔ ድምፅ ብቻ ይሆናሉ። ሌላ ከተማ ያለ ደጋፊ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን እኛ በጥቂት ሳምንት እንበላለን፤ ስለዚህ ጠግበን ነው የምንበላው።

ደግሞ በዝግጅት ጊዜ የሚታየው በጨዋታ ቀን አይታይም። ማን በዕረፍቱ ቦርጭ አብቅሎ እንደመጣ፣ ማን አዲስ ታኬታ አድርጎ ተረከዙ እንደተላጠ፣ ማን አሰልጣኙ ጀርባውን ሲያዞር ዙሩን እንደሚያሳጥር፣ ሁሉም እዚህ ይለያል። በጨዋታ ቀን ሁሉም ጀግና ነው። ብዙው ደጋፊ በዚህ ወቅት "ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው" ይላል። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ዋንጫ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ዋንጫ ያለው ቡድን ሞልቷል፤ አንዱን መርጬ እደግፍ ነበር።

ኀምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ያው አንድ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነው የምሠራው። አባቴ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ፤ በቤታችን ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ዜማ የሚያስተምር ብቻ ነበር፣ እሱም ወንድ። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ወር የፈትል ክፍል ሴቶች ከፈረቃ በኋላ ጎትተው ኳስ ሜዳ ወሰዱኝ። አንድ ተከላካይ በረኛውን ያለፈችውን ኳስ ከመስመሩ ላይ ጠርጎ አወጣና ምሰሶው ሥር ወደቀ። ጮህሁ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ በአደባባይ ጮኼ አላውቅም ነበር። የጮህሁት እኔ መሆኔን ያወቅሁት አጠገቤ ያለችው ሴት ዞራ ስታየኝ ነው። የመሪጌታው ልጅ ኳስ ሜዳ ትጮሃለች የሚለው ወሬ ታንኳ ተሳፍሮ ደሴቱ ድረስ ተሻገረ። ተሻገረና ምን ሆነ? በሚቀጥለው እሑድ ሄጄ ደግሜ ጮህሁ። አግብቼም ወልጄም አላቆምሁም።

የምንቀመጠው ከልምምድ ሜዳው ዳር ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። አስጨፋሪያችን ልብስ ሰፊ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው። የቡድኑን ባንዲራ ሁሉ የሰፋው እሱ ነው። ከእሱ ሌላ ተሳፋሪ ትተው የሚመጡ ወጣት የባጃጅ ነጂዎች አሉ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ቆሎ ይዤ እሄዳለሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ስለ አዲስ ተጫዋቾች ጥርስና እግር እናወራለን። ይህ ነው እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው፣ በአንድ ቀን አፌ ያጣሁትም ይህን ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ የውድድሩ የመጨረሻ ቀን። ካሸነፍን እንተርፋለን። አቻ ከወጣን ወይም ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። መብራት ስላልነበረ የስልኬን ሬዲዮ ከፍቼ ሳሎን ተቀመጥሁ። ባለቤቴ አጠገቤ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል። እሱ ኮሌጅ ሊያስተምር ከወለጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ የእንግሊዝ ኳስ ነው የሚያየው፣ የእኛን ቡድን "የሬዲዮ ቡድን" ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ታርቀን አናውቅም።

በስድሳኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ነበር። "እመቤቴ፣ ካሸነፍን ጧፍ አስገባለሁ" አልሁ። ምንም የለም። በሰባኛው ደቂቃ "ጃንጥላም እጨምራለሁ፣ ባለ ዘርፉን፣ ለታቦት የሚሆነውን" አልሁ። ወዲያው የእነሱ አጥቂ መትቶ ምሰሶ መለሰልን። ቄሶቹ ስለት ጨረታ አይደለም ይላሉ። በሰላሙ ጊዜ አይደለም፤ በጭንቅ ጊዜ ግን ጨረታ ነው፣ ሰው አንድ ሲል ሁለት፣ ሁለት ሲል ሦስት እያለ ይወጣል። በሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ ስልኩ ፊት ተንበረከክሁ። ጧፉም ጃንጥላውም ከእጄ የሚወጣ ነገር ነው፤ ከልቤ የሚወጣ ነገር አልሰጠሁም ብዬ አሰብሁ።

"እመቤቴ፣ ዛሬ ካልወረድን ለአንድ ዓመት ኳስ የሚባል በዓይኔ አላይም!"

ባለቤቴ ከወረቀቱ ቀና አለ። "ምን አልሽ?"

"ዝም በል!"

"ማንም ሳይጠይቅሽ?"

"ዝም በል አልሁህ!"

በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ቅጣት ምት አገኘን። ግራ እግረኛው የመስመር ተጫዋቻችን መታው። የሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ የሚለው ሳይሰማ ጎል መሆኑን ከጩኸቱ አወቅሁ። አንድ ለዜሮ አለቀ። ተረፍን። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፣ ባለቤቴም ብዕሩን አስቀምጦ፣ "በይ እንግዲህ፣ አንድ ዓመት የእኔን እንግሊዞችም አታዪብኝም፤ ተገላገልሁ" አለኝ።

ያን ጊዜ አፌን ብዘጋ ኖሮ ነገሩ በእኔና በእመቤቴ መካከል ይቀር ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድሁ። ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ጎሉን ለሌላው ይተርካል፤ ሁሉም እኩል ስለሰማው ማንም ከማንም የሚበልጥ ወሬ የለውም። እኔ ነበረኝ። ስለቱን ከጧፉ ጀምሬ ደረጃ በደረጃ ተረክሁላቸው፤ "በሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ" ስል ሁሉም ተጠጋኝ። ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ ተነሣና ትከሻዬን ሳመኝ። "እቴ፣ ያተረፍሽን አንቺ ነሽ" አለ። "ከምትወጅው ላይ ቆርሰሽ ሰጠሽልን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድናችን እናት ተባልሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ገበያ ስወርድ አስቁመው ያስገቡኛል። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ "እሷ ናት" ሲል እሰማለሁ። ወደድሁት፤ ለምን እዋሻለሁ? ሠላሳ ዓመት ከጮህሁት ይልቅ አንድ ደቂቃ የተንበረከክሁት ስም አወጣልኝ።

ነሐሴ መጣ። ከፋብሪካ ስወጣ የአሰልጣኙ ፊሽካ ከሜዳው በኩል ተሰማኝ፣ እግሬም ሳላዝዘው ወደዚያ ታጠፈ። መለስሁት። በሚቀጥለው ቀን መንገድ ቀይሬ በገበያው በኩል ዞርሁ፤ ፊሽካው እዚያም ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ለባለቤቴ፣ "ቆሜ ባልመለከት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ድምፁን ብሰማስ?" አልሁት። እሱ የሚያሾፍበት ነገር ሲያገኝ ፊቱ እንደ መምህር ይኮሳተራል። "አዙረሽ ወንበር ማስቀመጥ ትችያለሽ" አለ። "አንድ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነ ይነግርሻል። ሬዲዮ ለምደሽ የለ?"

ነገሩ ለእሱ ጨዋታ ነበር። ለእኔ አልነበረም። እነዚህ ሳምንታት ካለፉ ልጆቹ ይሄዳሉ፣ እስከሚቀጥለው ነሐሴም በዓይኔ አላያቸውም፤ የአንድ ዓመት ስለት የተሳልሁት ዓመቱን ሙሉ ያለኝን አንድ ነገር ነው። ንዴቱም ጾሙም አንድ ላይ ሆኖብኝ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው ደቅ ደሴት ተወልደው ያደጉ፣ አባቴን በስም የሚያውቁ ሽማግሌ ካህን ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር አገኘኋቸው።

"ምን ብለሽ ነው የተሳልሽ ልጄ?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ጧፍ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ፣ ኋላም…"

"ኋላም?"

"ኋላም ዓመት ኳስ አላይም ብዬ አባቴ።"

ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ኃጢአት ነው ብለሽ ነው የተውሽው?"

"ኧረ አይደለም!"

"ታዲያ ጧፉ ይበራል፤ ጃንጥላው ታቦት ይከልላል። የአንቺ ኳስ አለማየት ምን ይደረጋል? የት ይቀመጣል?"

"የምወደውን መስጠት አለብኝ ብዬ ነው እንጂ አባቴ፤ ሌላ የምወደው ምን አለኝ?"

ይህን ስላቸው አልሳቁም። "እሱስ ደግ አስበሽ ነበር" አሉ። "ግን አእምሮ ሳይደርስበት ከአፍ የወጣ ቃል ነው። ቃል ደግሞ ቃል ነውና በከንቱ አልፈታሽም። ጧፉንና ጃንጥላውን ታመጫለሽ፤ ሁለቱንም ተሳልሻል። ፍልሰታ እስኪፈታ ከሥራ ስትወጭ ይህን ግቢ ትጠርጊያለሽ፣ በየቀኑ ስድሳ ስግደት ትሰግጃለሽ። ከዚያ ወዲያ ሂጂ። ስትጮሂ ግን ሰው አትስደቢ።"

"ዳኛም አባቴ?"

"ዳኛም ሰው ነው" አሉኝ።

ጠረግሁ። ዋርካ ቅጠሉን በየቀኑ የሚያራግፈው ለእኔ ብሎ ይመስል ነበር። ፈትል ክፍል ስምንት ሰዓት ቆሜ፣ ከዚያ ግቢ ጠርጌ፣ ሰግጄ፣ ጉልበቴ እያበጠ ወደ ቤት እገባለሁ። ፊሽካው ከግቢውም ይሰማል። ባለቤቴ ማሾፉን ተወ፤ አንድ ቀን መጥቶ ሳላያቸው የቀሩ ቅጠሎችን እየለቀመ ረዳኝ። ጧፉን አስገባሁ። ጃንጥላውን ልብስ ሰፊው ራሱ ዘርፉን ሰፋልኝ፤ የምን እንደሆነ ስነግረው "ስለቱን እየከፈለች ነው" ብሎ ለሁሉም አወራ። ሦስተኛው ስለት በሌላ ቀኖና መለወጡን ግን አልነገርሁትም። ደስታውን ሜዳው ላይ አብረን እንድናየው ፈልጌ ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ቆሎዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። የጠበቅሁት እልልታ ነበር። ልብስ ሰፊው አየኝና ተነሥቶ ቆመ፣ ክንዱን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋብኝ።

"እቴ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ኳስ ላይ ነዋ።"

"ዓመቱ ሞልቷል እንዴ?"

የነፍስ አባቴ እንዳሉት፣ ስንት ቀን እንደጠረግሁ፣ ስንት እንደሰገድሁ ነገርኋቸው። ባጃጅ ነጂዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ልብስ ሰፊው እስክጨርስ ሰማኝ፣ ከዚያም በለሆሳስ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገረው፣ "ቄሱ አንቺን ፈቱሽ። ቡድኑንስ ማን ይፈታዋል?" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"በአንቺ ቃል ነው የቆመው። ቃሉ ሲነሣ ይወርዳል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም? አንድ ዓመት ነው እቴ። ስለ እኛ ስትይ አንድ ዓመት ቤትሽ ተቀመጭ።"

"እትዬ፣ እባክሽ" አለ ከነጂዎቹ አንዱ፣ ሁልጊዜ ከገበያ የሚያደርሰኝ ልጅ። "የጠረግሽው፣ የሰገድሽው ዋጋ የለውም ብለን አይደለም። ፈርተን ነው።"

ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር። የሚለምኑኝን ሰዎች ምን እላለሁ? ቆሎውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወረድሁ። ሜዳውን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። የሐይቁን ዳር ይዤ ስሄድ ግን በየእርምጃው ንዴቱ ከእግሬ ወደ ራሴ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን የፈታችኝን ሰው አሰረኝ! ይህን ደረጃ ድንጋዩ ሲደረደር አውቀዋለሁ። ልብስ ሰፊው ገና ቁልፍ መትከል ሲማር እኔ እዚያ ተቀምጬ ነበር። አሁን ማን ማንን ነው የሚመልሰው?

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስነድ ከረምሁ። ሊፈታ ያልቻለው ነገር የቱ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው፤ ፈትሉ ሲበጠስ እየቀጠልሁ፣ እጄ ሥራውን እየሠራ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ እያለ። እነ ልብስ ሰፊው የሚሉት እኔ የነገርኋቸውን ነው። ቡድኑን ያተረፍሁ እኔ ከሆንሁ፣ ልክ ናቸው፤ መቅረት አለብኝ። መሄድ ከፈለግሁ ደግሞ ያተረፍሁት እኔ አይደለሁም ማለት አለብኝ። የቡድኑ እናት ሆኜ ቤቴ ልቀመጥ፣ ወይም ማንም ያልሆነች አንዲት ደጋፊ ሆኜ ደረጃው ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጠኝ የለም። ስሙ እንዳያመልጠኝ የቱን ያህል እንደምሳሳለት ሳውቅ አፈርሁ።

እሑድ ዕለት የመራዊ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ እንደሚመጣ ሰማሁ። የገበያ ከተማ ቡድን ነው፤ ከእኛ ሁለት ደረጃ በታች የሚጫወቱ ልጆች፣ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው የሚመጡ። በየዓመቱ አራት አምስት አግብተንባቸው ለልምምድ አመስግነን የምንሸኛቸው ናቸው። ባለቤቴ ጫማዬን ሳጠልቅ አየኝ። "ይመልሱሻል" አለኝ። "ይሞክሩ" አልሁት።

ደረጃው ሞልቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ገና ከሩቅ አይቶኝ ተነሣ። ክንዱን እስኪዘረጋ አልጠበቅሁትም።

"ተቀመጥ፣ ሁላችሁም ስሙኝ" አልሁ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ከፍ አደረግሁት። "ቡድኑን ያተረፍሁት እኔ አይደለሁም።"

"ኧረ ተይ እትዬ!" አለ ነጂው ልጅ። "ቃሉ ከወጣ በሁለት ደቂቃ አይደለም እንዴ የገባው?"

"ያ ግራ እግረኛ አምና በዚህ ሰሞን ምን ሲሠራ ነበር? ልምምዱ አልቆ ሌላው ታጥቦ ሲሄድ፣ መረብ በሌለው ጎል ላይ ያንኑ ቅጣት ምት ሲመታ አላያችሁትም? ኳሷ ስታልፍ ራሱ ሮጦ፣ ደንገሉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ አውጥቶ፣ ተመልሶ ሲመታ? አላያችሁትም፤ ዝናብ መጣ ብላችሁ ሄዳችኋል። እኔ ቀርቼ አይቼዋለሁ። እመቤቴ ከረዳችም የረዳችው እሱን ነው። ጎሉ የእሱ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ወለል ላይ ነበርሁ።"

ልብስ ሰፊው ፊቱ ቀላ። "እንዲህ ከሆነ ያን ቀን ሱቄ መጥተሽ ምን አስለፈለፈሽ?"

ይህን ጥያቄ ራሴን ሳምንት ሙሉ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ ዝግጁ ነበር።

"ስም ፈልጌ" አልሁት። "ስሙን መልሳችሁ ውሰዱት። ቦታዬን ስጡኝ።"

ቦታ የሰጠኝ የለም። ሁለቱን ነጂዎች በትከሻዬ ገፋ ገፋ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ እነሱም እንደ ልጅ ተጠጋጉ። ሜዳው ላይ ዳኛው ነፋ።

አሁን ታሪኩ እንዲያምር በሰፊው አሸነፍን ብል ደስ ባለኝ። ተሸነፍን። በመራዊ ልጆች፣ አንድ ለዜሮ። የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ሦስት ኳስ ሳትን። ሁለተኛው ላይ አንዱ ልጃቸው ከሩቅ ዝም ብሎ የለቀቃትን፣ ሕፃን የሚይዛትን ኳስ፣ በረኛችን ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በእግሩ መካከል አሳለፋት። የመራዊ ልጆች አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ። በእኛ ደረጃ ላይ ማንም ወደ ሜዳው አላየም። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። እንዲያ ብዬ ተናግሬ፣ ጎሉ የልጁ ነው ብዬ፣ የነፍስ አባቴ ፈተውኝ፣ አሁንም "እውነት ቢሆንስ?" የሚል ድምፅ ከውስጤ መጣ። እመቤቴ ጧፉን ተቀብላ፣ ጃንጥላውን ተቀብላ፣ ሦስተኛውን አልተቀበለችም ቢሆንስ? ሠላሳ ዓመት የወደድሁትን ቡድን በገዛ ዓይኔ የምጥለው እኔ ብሆንስ? ልነሣ ብዬ እግሬን መሬት ላይ ተከልሁ። ብነሣ ኖሮ ማንም አይወቅሰኝም ነበር፤ እንዲያውም ያመሰግኑኝ ነበር።

በረኛው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ሲያወልቅ አየሁት። አዲስ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ ነው የመጣው፣ ከይፋግ መሰለኝ። ማንም አጠገቡ አልሄደም። ያን ጊዜ ንዴቴ ተመልሶ መጣና ፍርሃቱን ከሥሩ ነቀለው። ያ ልጅ ያዳለጠው ታኬታው ስላረጀ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ጥርሱ ማለቁ ይታየኛል! ሳምንት ሙሉ እዚህ የተቀመጡ ሰዎች ይህን አይተው ለአሰልጣኙ አልተናገሩም፤ እኔን ለመጠበቅ መንገዱን መንገዱን ሲያዩ ነበርና። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ቆሜ ጮህሁ።

"አንተ ልጅ፣ ተነሥ! ተነሥ! ታኬታህን ቀይር!"

ቀና ብሎ ፈለገኝ። የሴት ድምፅ ከየት እንደመጣ ገርሞት ይሆናል። ተነሣ። አሰልጣኙም ዞሮ እግሩን አየው።

ጨዋታው እንደዚያው አለቀ፤ ጎል አላገባንም። የመራዊ ልጆች ሚኒባሳቸው ውስጥ ሆነው እየዘፈኑ ሄዱ። ደረጃው ላይ የነበረው ሰው አንድ በአንድ፣ አንዳንዱ ሰላም ሳይለኝ፣ አንዳንዱ በለቅሶ ቤት እንደሚባለው "በርቺ" ብሎኝ፣ ወረደ። ከገበያ የሚያደርሰኝ ነጂ ባጃጁን አስነሥቶ ትንሽ ጠበቀ፤ እንደማልመጣ ሲያውቅ ሄደ። አሰልጣኙ ልጆቹን የቅጣት ዙር አስጀመራቸው። ዝናቡም ከዘጌ በኩል መጣ።

ልብስ ሰፊው ብቻ ቀረ። ከእኔ አራት ክንድ ያህል ርቆ፣ ባንዲራውን በእንጨቱ ላይ ሲጠቀልል ቆየ። ባንዲራ ለመጠቅለል ይህን ያህል አይፈጅም። በመጨረሻ ሳያየኝ ተናገረ።

"እቴ፣ ከወረድን አልምርሽም።"

ልጆቹ በፊታችን አለፉ፤ በረኛው ከሁሉም ኋላ ነበር።

"ከወረድን እዚሁ ነኝ ወንድምዓለም" አልሁት። "መጥተህ አትማረኝ።"